የባሕር ወለል በአራተኛ ፎቅ

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ከእንጦጦ ወርጄ ራቅ ብዬ የሄድኩት ናዝሬት ድረስ ነው፤ እሱንም ለለቅሶ ሄጄ ሳላድር ተመለስኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ባሕር ወለል ልጽፍ ስለሆነ ነው፤ ሰው "ይሄ ሽማግሌ ደግሞ ከየት አመጣው?" እንዳይል። ያየሁት በላፕቶፕ ነው፣ ከምራቴ ጎን ተቀምጬ። ጽሕፈቴም ዶሮ የጫረው ነው፤ ፊደል የለየሁት ሚስት ካገባሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ልጄ "አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ" ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። እሱ ሲጽፍ ያሳምረዋል።

ዕድሜዬን የጨረስኩት እንጦጦ ላይ ደን ስጠብቅ ነው። ጠዋት እወጣለሁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እገባለሁ፤ በመካከሉ በእግሬ ነኝ። ዛፍ ተሰርቆ ከሆነ ጉቶውን ብቻ አይቼ በመጥረቢያ ይሁን በመጋዝ፣ ቆራጩ ተጣድፎ ይሁን ተረጋግቶ እናገር ነበር። ከዚያ ባለቤቴ አረፈች። ከዚያ ደግሞ በክረምት ጭቃ አንሸራቶኝ ዳሌዬ ተሰበረ። ልጄ "ብቻህን አትኖርም" ብሎ ከሆስፒታል በቀጥታ የካ አባዶ፣ እሱ ቤት አስገባኝ። አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የሚባል የለውም። የብሎኩ ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው፣ በየመታጠፊያው "ቀስ! ግድግዳውን!" እየተባባሉ እንደ ቁም ሣጥን አወጡኝ።

ከዚያ ወዲህ መሬት አልረገጥኩም።

ዳሌው ድኗል ይሉኛል። ቤት ውስጥ በከዘራ እሄዳለሁ፤ ከሶፋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ሽንት ቤቱ። እምቢ ያለኝ ደረጃው ነው። አንድ ቀን ሁለቱም ሳይኖሩ ልሞክረው ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ልውረድ ብል አልችል፣ ልመለስ ብል አልችል። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ጎረቤቶች እየወጡ እየወረዱ "አባባ፣ ምነው እዚህ?" ይሉኛል።

"ነፋስ እየተቀበልኩ ነው" እላለሁ። ደረጃው ላይ ነፋስ ቢኖር ጥሩ ነበር።

ልጄ ከሥራ ሲመለስ አግኝቶ አወጣኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ደረጃ ሲነሳ ወሬ እለውጣለሁ።

ታች ግቢው ውስጥ ለቅሶ ሲኖር እድሩ ድንኳን ይተክላል። ከላይ ሲታይ ድንኳን ጣራው ብቻ ነው። ሰው ሲገባና ሲወጣ አያለሁ፤ ማን እንደሞተ ግን ማታ ልጄ ሲመጣ ነው የምሰማው። እንጦጦ ላይ አብሮኝ የጠበቀ ጓደኛዬ ሲቀበርም እዚሁ መስኮት ላይ ነበርኩ። የእንጦጦ ጫፍ በሁለት ሕንፃዎች መካከል እንደ ክር ቀጥና ትታያለች። አለቀ። ወደዚያ አቅጣጫ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰው እንዳያየኝ መጋረጃውን ይዤ።

መከበሩ ደግሞ ሌላ እስራት ነው። ተነስቼ ከቆምኩ "ይቀመጡ አባባ"፣ ከተቀመጥኩ "ይረፉ አባባ"። የምናገረው ሁሉ ልክ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው ብል፣ ሐሙስ ቢሆንም ማክሰኞ ነው።

ምራቴ ኮተቤ ባዮሎጂ ተምራለች። ማስተማር ጀምራ ነበር፤ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ አንገላቷት ተወችው። አሁን ቤት ሆና ለአንድ የውጭ ድርጅት ትሠራለች። ልጅቷ ጨዋ ናት። እኔ ውሃ ስጠጣ ብርጭቆውን እስክመልስ ቆማ ትጠብቃለች፤ ተቀመጪ ብላትም አትቀመጥም። ጠረጴዛዋ ሳሎን ውስጥ ነበር፣ ከሶፋው አጠገብ። እኔ ከሶፋው ሆኜ ስክሪኑን በአግድሙ አያለሁ፤ ሰማያዊ ነገር፣ ግራጫ ነገር፣ አንዳንዴ እንደ ፍም የቀላ ነገር።

"ይሄ ፊልም ነው?" አልኳት አንድ ቀን።

"አይ አባባ፣ ሥራ ነው። የባሕር ወለል ፎቶ ነው።"

"ማን ወርዶ አነሳው?"

"ሰው አልወረደም። ከመርከብ ማሽን በገመድ ያወርዳሉ፤ እየሄደ ያነሳል። እኔ እዚህ ላይ ያለውን እንስሳ እያየሁ ስሙን አስቀምጣለሁ።"

ወንበር ስቤ ተጠጋሁ። መጀመሪያ ያየሁት ሁለት ቀይ ነጥብ ነው። "ዓይኑ ነዋ!" አልኩ። ምራቴ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ለካ ማሽኑ ራሱ የሚያበራቸው ናቸው፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ስለሚታወቅ የእንስሳውን መጠን በዚያ ይለካሉ። ብዙው ነገር ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ነው።

በማግስቱም ተጠጋሁ። እሷ ስክሪን ስታይ ውላ ዓይኗ ይደክማል፤ የእኔ ዓይን ደግሞ ለቅርብ ቢደክምም የቦታው ያልሆነን ነገር መለየት ሥራው ነበር። ጠጠሩ መሐል አንዲት ቀጭን ክንድ ብቅ ብላ ሳይ "እዚያ ጋ አንድ የተደበቀ አለ" አልኳት። አጉልታ ስታየው ኮከብ የመሰለ እንስሳ ነው፤ ጉድጓድ ገብቶ ክንዱን ብቻ አውጥቷል። "ውይ አባባ፣ እኔ አልፌው ነበር እኮ!" አለች። ያን ቀን ምሳ ጣፈጠኝ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራ ተሰጠኝ። መጀመሪያ በጅምላ መለየት አለ፤ ድንጋይ፣ ዕፅዋት፣ እንስሳ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በቀለሙ አወቅሁት። ድንጋይ ግራጫ፣ ዕፅዋት አረንጓዴ፣ እንስሳ ቀይ። እኔ ከምሳ በፊት በማውሱ ነጥብ እየጣልኩ እለያለሁ፤ ከምሳ በኋላ እኔ ጋደም ስል እሷ ስም ትሰጣለች። ማውሱ በእጄ መሐል ሲሆን ከቤት ወጣሁ ማለት ነው። ሌላ መውጫ የለኝም። አንዱን ሜዳ አልፈን ወደ ሌላው ስንሄድ፣ ማታ ስተኛ ሁሉ እግሬ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ያቺን ወንበር የሚወስድብኝ ሰው ያለኝን ሁሉ ወሰደብኝ ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። በፎቶዎቹ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ አንድ ነገር አለ። ከድንጋይ ላይ ይበቅላል። ግንድ አለው፤ ግንዱ ግራና ቀኝ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ እንቡጥ የመሰለ ነገር አለ። ከታች በሥር ይዟል። እኔ አረንጓዴውን ነካሁ።

ምራቴ ከጎኔ ሆና "ይሄ እንኳ... እንስሳ ነው መሰለኝ አባባ። ሃይድሮይድ ይባላል" አለች፤ ድምጿ ከአንገቷ አልወጣም።

"ልጄ፣ እኔ ዛፍ አላውቅም?" አልኳት።

"እሺ አባባ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ "እሺ አባባ" ነው። እኔም አረንጓዴዬን እረጫለሁ። አንዳንዱ ፎቶ ላይ ጫካ ነበር፤ ሙሉ ጫካ! እንዲያውም ልጄ ሲመጣ "እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ስትጠብቅ ኖረህ፣ አሁን ደግሞ ባሕር ውስጥ ወርደህ ትጠብቃለህ" ብሎ ቀለደብኝ። ደስ አለኝ። ጠባቂ መባል ከቀረብኝ ቆይቷል።

በዚያ ሰሞን መብራት በየቀኑ ይጠፋ ጀመር። ጠዋት ይሄዳል፣ ከሰዓት ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል። ምራቴ ባትሪው እስኪያልቅ ትጣደፋለች፤ ከምሳ በኋላም ፋታ አልነበራትም። የያዝነውን ፎቶ እንዲሁ እንዳለ ላከችው። ይህ ምን እንደሚያመጣ እኔ ያኔ አላወቅሁም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ተነስቼ ስመጣ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

"ላፕቶፑስ?"

"ዛሬ ሥራ የለም አባባ።"

በማግስቱ "ኔትወርክ የለም አባባ"። በሦስተኛው ቀን "ትንሽ አሞኛል፣ ልረፍ ብዬ ነው አባባ"። ከዚያ መኝታ ቤት ትገባለች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋለች። እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። የማውስ ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ሥራ አለ፤ ያለ እኔ ነው።

መኝታ ቤቱ ከሶፋው አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ግን የባልና ሚስት መኝታ ቤት ነው፤ አማት አይገባበትም። ከደረጃው የባሰ ነገር ቢኖር ያ በር ነው። ደረጃውን እምቢ ያለው እግሬ ነው፤ በሩን እምቢ ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ። እንዲህ ሆኜ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። የጎረቤቱን ልብስ ገመድ ላይ ሲደርቅ አየሁ። ካልሲው የማን እንደሆነ ሁሉ አወቅሁ። አንዱን ቀን ምሳ አልበላም አልኩ፤ "እሺ አባባ" ብላ መለሰችው።

እሑድ ልጄ ቤት ዋለ። ምራቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ጠየቅሁት።

"ምን አድርጌ ነው ያባረራችሁኝ?"

"ማን አባረረህ?"

"ላፕቶፑ መኝታ ቤት ገብቷል። ልጅ አይደለሁም።"

አንገቱን አሸት አሸት አደረገ። ልጄ ውሸት አይችልም፤ በዚህ በእኔ ወጥቷል። "አባባ፣ ሣር ዛፍ ብለህ የሞላኸው ሁሉ ተመለሰ። አራሚዎች አሏቸው። ሁሉም እንስሳ ነው አሏት። አንድ ጊዜ እንዲህ ከተደገመ ሥራው ይዘጋባታል።"

"ተዲያ እስከ ዛሬ ምነው ሳይመለስ?"

"እስከ ዛሬማ አንተ ጋደም ስትል እሷ አንድ በአንድ ታርመው ነበር። ያን ሰሞን መብራት ጠፍቶ ነው ያልደረሰችው።"

አንድ በአንድ። የጠባቂ ሥራ ሠርቼ እተኛለሁ፤ እሷ ከኋላዬ ጫካዬን ስትነቅል ትውላለች። እኔ ተነስቼ ጠዋት "ትናንት ጥሩ ሄድን" እላታለሁ፤ እሷ "እሺ አባባ" ትላለች።

"ለምን አልነገረችኝም?"

"ማን? እሷ? አንተን?" ሳቀ። "ደሞስ ምን ቸገረህ፤ ዋናው አንተ መጫወትህ ነበር።"

መጫወትህ አለኝ። ከዘራዬን ፈልጌ ተነሳሁ፤ የምሄድበት ስለሌለ መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። መሳሳቱ አይደለም የቆረጠኝ። ሰው ይሳሳታል፤ እንጦጦ ላይ ንጹሕ ሰው ይዤ ጣቢያ ያደረስኩበት ቀን አለ፣ አለቃዬ በሰው ፊት ሰድቦኛል፤ ተሰድቤም በማግስቱ ሥራ ገባሁ። የሰደበኝ እንደ ሰው ቆጥሮኝ ነው። እዚህ ቤት ግን ሰው አሻንጉሊት ሰጥቶኝ፣ ስተኛ መልሶ ያነሳው ነበር።

ሰኞ ልጄ ሥራ ሄደ። ምራቴ ቁርስ አቅርባ፣ ዕቃ አነሳስታ፣ "ዛሬም ትንሽ..." ብላ ገባች። ጠቅ ማለት ሲጀምር ተነሳሁ። በሩ ጋ ደርሼ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ሳልኩ። ድምፁ ተቋረጠ።

"ልጄ፣ ነይ ውጪ።"

ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

"ባልሽ ነግሮኛል" አልኳት። "ስሳሳት ለምን ተሳስተዋል አላልሽኝም?"

"አባባ፣ እኔ እንዴት..."

"በአፍሽ! በምን ይባላል?"

"አንድ ጊዜ ብያለሁ። ጮኹብኝ።"

"አልጮህኩም።"

"ጮኸዋል።" ቀና አለች። ዓይኗን ያን ቀን በደንብ አየሁት፤ ቀልቷል። "ጮኸዋል አባባ። 'እኔ ዛፍ አላውቅም?' ብለው። ከዚያ ምን ልበልዎት? አይ አያውቁም ልበል? እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች? ዝም ብዬ አርሜ እልከዋለሁ አልኩ፤ እርስዎም ደስ ይልዎታል። እሱን ሥራ ካጣሁ እኔ ወደ ታክሲ ሰልፍ ነው የምመለሰው። እርስዎን ደግሞ ተነሱ ማለት... አልቻልኩም። ገብቼ ዘጋሁት።"

እኔም በሩ ዳር፣ እሷም በሩ ዳር ቆመናል። "ወንበር አምጪ" አልኳት። "እና ያንን ነገር አምጪው። እንስሳ መሆኑን አሳዪኝ። ካላመንኩ አላምንም።"

ላፕቶፑን ወደ ሳሎን አመጣችው። ፎቶውን አጎላችው። ያው ግንድ፣ ያው ቅርንጫፍ። "ጫፉ ላይ እንቡጥ ያሉት አፉ ነው" አለች። "ዙሪያውን ያሉት ቀጫጭን ክሮች እጆቹ ናቸው፤ የሚያልፈውን ይይዝባቸዋል።"

"ክርማ አበባም አለው።"

"አለው።" ትንሽ አሰበች፤ አስተማሪ መሆኗ የታወቀኝ ያኔ ነው። "አባባ፣ ይሄ ቦታ በጣም ጥልቅ ነው። ፀሐይ እዚያ አይደርስም።"

"ኧረ ብርሃኑ ይኸው!"

"የማሽኑ መብራት ነው። ማሽኑ ካለፈ በኋላ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ከድሮም ጨለማ ነበር።"

ሌላ ነገር ብትለኝ እከራከራት ነበር። ጥላ ግን አውቃለሁ። ጥቅጥቅ ያለ ደን ሥር ችግኝ ብትተክል ብርሃን ፍለጋ ይጣመማል፤ ካላገኘ ይሞታል። ጨለማ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ የለም። ስንቱን ፎቶ ሳይ ስኖር አንድ ቀን "ብርሃኑ ከየት መጣ?" ብዬ አልጠየቅሁም። ፀሐይ ነው ብዬ ነው። ፀሐይ ሁሉ ቦታ ይደርሳል ብዬ።

"ከቦታው ይነሳል?" አልኳት።

"አይነሳም። ገና ሲፈለፈል ይዋኛል፤ ቦታ ሲያገኝ ይጣበቃል። ከዚያ እዚያው ነው።"

ልጄ ይህን ቢሰማ ከእኔ ጋር ያመሳስለው ነበር። እኔ አልወደድኩትም። እሱ ዞሮ ዞሮ ቦታውን ራሱ መርጦ ነው የተጣበቀው፤ እኔን በወንበር ተሸክመው ነው ያመጡኝ። ይህንን ለእሷ አልነገርኳትም።

"እንግዲህ" አልኩ፣ "ማውሱን አልነካም። በጣቴ አሳይሻለሁ፣ አንቺ ትነኪያለሽ። ስሳሳት ግን አይደለም በዪኝ። እሺ አባባ ካልሽኝ ሶፋዬ ላይ እመለሳለሁ፣ አንቺም መኝታ ቤትሽ ግቢ።"

"እሺ አባ..." ብላ አቆመች። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ ቶሎ ጨረሰች።

ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን "ሊሆን ይችላል አባባ" ትላለች። "ሊሆን ይችላል ምንድነው? ነው ወይስ አይደለም?" እላለሁ። ትቁነጠነጣለች። ከዚያ በጣም በዝግታ "አይደለም" ትላለች፣ ሰው ፊት እንደሚነገር ነውር። እኔም አንዳንዴ ሲቆጣኝ ጥርሴን ነክሼ ነው የምቀበለው፤ ውሸት አልጽፍም። ማውስ የለመደ እጅ ጭን ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ከዘራዬን አስያዝኩት። አረንጓዴው ምልክት ስክሪኑ ዳር ላይ አሁንም አለ፤ ማንም አይነካውም።

የታረመው ሥራ ሲላክ መልሱ ቀናት ፈጀ። እነዚያን ቀናት ምራቴ ምግብ አልወረደላትም። እኔም "መጣ ወይ?" እያልኩ አደከምኳት። በመጨረሻ ተቀበሉት፤ ሌላ አዲስ የፎቶ ጥቅል ላኩ። እንኳን ደስ አለሽ ስላት "ገና የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም" አለች፤ ወንበሬን ግን ራሷ ስባ አቀረበችው።

አዲሱ ጥቅል ክፉ ነበር። አንድ ድንጋይ ላይ ሃይድሮይዱ፣ ስፖንጅ የሚሉት ቀዳዳ የበዛበት እንስሳ፣ ትሉ፣ ምኑ ተደራርቦ ተጣብቋል፤ ማን የማን ቅርንጫፍ እንደሆነ አይለይም። እያንዳንዱን መቁጠር አለባት። ከታች ግቢው ውስጥ ድንኳን ሲተከል ይሰማል፤ የብረቱ ድምፅ፣ የሰዎች ጥሪ። ማን ሞተ ብዬ ልነሳ ፈለግሁ፤ ብነሳስ የት እደርሳለሁ። ስለዚህ በዚያ በኩል ስፖንጅ አለ አልኩ። በዚህ በኩል ደግሞ አንድ አለ አልኩ። ያኛው ቅድም ያየነው አይደለም ወይ አልኩ።

"አባባ፣ እስቲ ዝም ይበሉ! እየቆጠርኩ ነው!"

ድምፅዋ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። እዚህ ቤት ከገባሁ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። እሷ ራሷ ደንግጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ዘወር ብላ አየችኝ፤ ልትነሳ፣ ልትሰግድ፣ ምን እንደምትሆን አላወቀችም።

"ቁጠሪ" አልኳት።

ዝም አልኩ። እሷም ተመልሳ ቆጠረች።